ታህቱ ማን ነው?

(ለኬሚስትሪ መምህራን፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ስለ ሙሙት ስሌት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የኋላውን ወንበር የያዛችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ? ከምሳ በኋላ ስለ ስሌት ለመናገር መነሳት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ዐይኑ የሚከደን ሰው ካለ አልቆጣም፤ እኔም እናንተ ቦታ ተቀምጬ አንቀላፍቼ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ እስክሪብቶና ወረቀት አውጡ።

አወጣችሁ? እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሲሊንደሮች አሉ። በአንዱ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በሌላው 50 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ባፈስሳቸው ስንት ሚሊ ሊትር ይሆናሉ? መልሱን ጻፉ፤ ወረቀቱን አጥፉና ኪሳችሁ ክተቱት። ከጎረቤት መቅዳት የለም! በኋላ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ጉዳያችን የሙሙት ኮንሰንትሬሽን እንዴት እንደሚሰላ ነው። ሦስት ነጥቦች ይዣለሁ። አንደኛው መቶኛ ነው፤ ሁለተኛው ሞል ነው፤ ሦስተኛው ማቅጠን ነው፤ እናቶቻችን መበረዝ የሚሉት። ለሦስቱም እኩል ጊዜ እሰጣለሁ ብዬ ቃል አልገባም። መቶኛው ላይ ሳልቆይ አልቀርም፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ጨው ሟሚ ነው፤ ውሃ አሟሚ ነው፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ሙሙት ይሆናሉ። ይህንን ልጆቻችሁ በቃላቸው ይሉታል። ታዲያ ኮንሰንትሬሽን ምንድን ነው? ክፍልፋይ ነው። ክፍልፋይ ብቻ! ከላይ ላዕል አለ፤ ከታች ታህት አለ። ላዕሉ የሟሚው መጠን መሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል። ታህቱስ? ሙሙቱ ነው ወይስ ውሃው ብቻ? ሊትር ነው ወይስ ኪሎ ግራም? በማስተማርም በላቦራቶሪም በቆየሁባቸው 18 ዓመታት ካየኋቸው ስህተቶች የማባዛትና የማካፈል ስህተት የሆኑት ጥቂት ናቸው። ሰው ማባዛት ያውቃል፤ ባያውቅም ስልኩ ያባዛለታል። ሰው የሚሳሳተው ታህቱ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ሥራ በያዝኩበት ዓመት ነው። ገጠር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ልጅ ተቅማጥ ያዘው የሚል መልእክት ደረሰኝ። እኔም አዲስ ባለሙያ ነኝና ኮራ ብዬ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ገዝቼ፣ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። «አንዱን ፓኬት በአንድ ጠርሙስ ውሃ በጥብጣ ታጠጣው በላት» አልኩት። በእኔ ዐይን የታየኝ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የነበረው የአንድ ሊትር ጠርሙስ ነው። እህቴ ቤት ግን ጠርሙስ ማለት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው። በማግስቱ እኔም ሄድኩ። ገና በር ላይ ሳለሁ «ወንድምዓለም፣ የላክልኝ መድኃኒት ነው ወይስ የበሬ ጨው? ልጁ በቀመሰው ቁጥር ውሃ ውሃ ይላል» አለችኝ። ቀመስኩት። ከእንባ ይጨዋል።

አሁን አብረን እናስላው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሻሻሉት ቀመር መሠረት በአንድ ፓኬት ውስጥ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ እና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት አለ። ድምሩ 20.5 ግራም ነው። ይህ ሁሉ ለአንድ ሊትር ነው። በሊትር ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም 75 ሚሊ ሞል ይሆናል (ሞል የቅንጣት መቁጠሪያ ነው፤ በሁለተኛው ነጥብ እመጣበታለሁ)። ያንኑ ፓኬት በ300 ሚሊ ሊትር ውስጥ ብንበጠብጠውስ? 75 ሲካፈል ለ0.3፤ 250 ሚሊ ሞል በሊትር! የጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ደግሞ ከ135 እስከ 145 ነው። እንግዲህ እኔ የላክሁት መድኃኒት ከደሙ ይልቅ በጣም ጨዋማ ነበር። እንዲህ ያለ ሙሙት አንጀት ውስጥ ሲገባ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል። ውሃ የጎደለውን ልጅ ውሃ ሊያጎድልበት ማለት ነው።

ላዕሉ ትክክል ነበር። ፓኬቱ ሙሉ ነው፤ አንድም ቅንጣት አልፈሰሰም። ታህቱን ግን «ጠርሙስ» ብዬ ላክሁት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ዛሬ በቁመት ይበልጠኛል። እህቴ ግን እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንን ታሪክ ሳታወራ አትውልም፤ እኔም ከእሷ አፍ ከሚሰሙት ብዬ ራሴ አወራዋለሁ።

እሺ፣ መቶኛ። እስቲ ሦስት ጠርሙሶችን በዐይነ ሕሊናችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። አንደኛው 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው። ሁለተኛው 37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሦስተኛው 70 በመቶ አልኮል ነው። ሦስቱም ላይ የተለጠፈው ምልክት አንድ ነው። ትርጉሙስ አንድ ነውን? በፍጹም! በመጀመሪያው ታህቱ 100 ሚሊ ሊትር ሙሙት ሲሆን ላዕሉ 0.9 ግራም ጨው ነው። በሁለተኛው ታህቱ 100 ግራም ሙሙት ነው፤ በክብደት ነውና። (የፊዚክስ መምህራን ይቅር በሉኝ፤ ግዝፈት ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ።) በሦስተኛው ላዕሉም ታህቱም ሚሊ ሊትር ናቸው። እነዚህን ሦስት ጠርሙሶች አንድ ዐይነት አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ ኪሎውን፣ ሊትሩንና ክንዱን በአንድ ሚዛን እንደሚለካ ነጋዴ ነው።

አሁን ወደ በረኪና እንምጣ። የጤና ተቋም ውስጥ የሠራችሁ ይህንን ስሌት በየቀኑ ታውቁታላችሁ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ክሎሪን ይላል። ለዕቃ ማጽጃ የምንፈልገው 0.5 በመቶ ነው። በአንድ እጅ በረኪና ላይ ስንት እጅ ውሃ ይጨመራል? አትቸኩሉ።

እኔ ቸኩዬ ነበር። 5 ሲካፈል ለ0.5፣ 10። ስለዚህ አንድ ጆግ በረኪና፣ አስር ጆግ ውሃ። ባልዲው አጠገብ ቆሜ ስቆጥር፣ በዚያ ክፍል ለረጅም ዓመታት በጽዳት የሠሩ እናት መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። እትዬ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ እኛ ዘጠኝ ነው የምንጨምረው» አሉኝ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ «አይ እትዬ፣ አስር ነው፤ አስልቼዋለሁ» አልኩ። እሳቸውም «በረኪናው ራሱስ አንድ አይደለም እንዴ? እሱን የት ጣልከው?» አሉኝ።

እሱን የት ጣልከው! ታህቱ ሙሙቱ በሙሉ ነው እንጂ ውሃው ብቻ አይደለም። አንድ ጆግ በረኪና ሲደመር ዘጠኝ ጆግ ውሃ፣ አስር ጆግ ሙሙት። የእኔ ባልዲ አሥራ አንድ ጆግ ሆኖ ነበር፤ 5 ሲካፈል ለ11፣ 0.45 በመቶ። ትንሽ ስህተት ነው ትሉኝ ይሆናል። በእርግጥ ያን ዕለት የሞተ ሰው የለም። ግን ከ5 ወደ 2.5 ብናቀጥን ኖሮ በእኔ ዘዴ ሁለት እጅ ውሃ እጨምርና 1.67 በመቶ አገኝ ነበር። ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ዘዴው ያው፣ ጥፋቱ ግን ስንት እጥፍ!

እዚህ ላይ ቋንቋችንን ላመስግነው። አማርኛ ለዚህ ችግር ሁለት ፊደላት ሰጥቶናል፤ «ለ» እና «ከ»። «አንድ ለዘጠኝ» ስል በረኪናውን ከውሃው ጋር እያነጻጸርኩ ነው። «ከአስር አንድ» ስል ደግሞ በረኪናውን ከሙሉው ውስጥ እየቆጠርኩ ነው። አንድ ለዘጠኝና ከአስር አንድ አንድ ሙሙት ናቸው። አንድ ለአስርና ከአስር አንድ ግን አንድ አይደሉም! መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን በእነዚህ ሁለት ፊደላት ፈትኗቸው። በእንግሊዝኛ የሚሳሳተው ተማሪ በአማርኛ ሲጠየቅ ወዲያው ሲነቃ አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ፣ 5 በመቶ የሚለውን ጽሑፍ በጭፍን አትመኑት። በረኪና ፀሐይና ሙቀት ላይ ሲቆይ ክሎሪኑ ይቀንሳል። መስኮት ላይ ወራት የከረመ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተሞላበትን ቀን ይናገራል፤ የዛሬውን አይናገርም። በዱቄት የምትጠቀሙ ደግሞ 70 በመቶ የሆነውን ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ለአንድ ሊትር 0.5 በመቶ ሙሙት 7.1 ግራም ያህል ትመዝናላችሁ፤ 0.5 ሲካፈል ለ70፣ ሲባዛ በ1000።

ስለ ፒፒኤም አንድ ቃል ብቻ ልናገር። ከሚሊዮን አንድ ማለት ነው፤ በውሃ ላይ ሲሆን አንድ ሚሊ ግራም በሊትር ብላችሁ ብትወስዱት አትሳሳቱም። ትንሽ ቁጥር ነው ብላችሁ አትናቁት። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ 1.5 ነው። በሃያ ሊትር ጀሪካን ውስጥ 30 ሚሊ ግራም፤ በጣት ጫፍ የማይታይ። በስምጥ ሸለቆ ከዚያ በላይ ፍሎራይድ ያለው የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ለምን እንደበለዘ የሚነግራችሁ ግን ይህ የማይታይ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሞል። ሞል ብዙዎችን ያስፈራል፤ የሚያስፈራ ነገር ግን የለውም። እንቁላል በደርዘን እንደሚቆጠር ቅንጣቶች በሞል ይቆጠራሉ። ደርዘኑ ብቻ ትልቅ ነው፤ 6 ብላችሁ 23 ዜሮ ብትደረድሩ ትቀርቡታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ ቁጥሩ በስምምነት ተቆርጦ ተቀምጧል፤ ከእንግዲህ አይለካም። የገበታ ጨው አንድ ሞል 58.44 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 9 ግራም ጨው በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ካለ 9 ሲካፈል ለ58.44፣ 0.154 ሞል በሊትር። ያ የደም ሥሩ የጨው ውሃ ነው። አለቀ።

ሞላሪቲና ሞላሊቲ የሚባሉ ሁለት መንትዮችም አሉ። በፊደል የሚለያዩት በ«ሪ» እና በ«ሊ» ነው። በትርጉም የሚለያዩት በምንድን ነው? በታህቱ! የሞላሪቲ ታህት አንድ ሊትር ሙሙት ነው፤ የሞላሊቲ ታህት አንድ ኪሎ ግራም አሟሚ ነው። ሊትር በሙቀት ይለጠጣል፤ ኪሎ ግራም አይለጠጥም። ለዚህ ነው ሙቀት በሚቀያየርበት ሥራ ሁለተኛው የሚመረጠው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥፋቴን ልናዘዝ። ተማሪ ሳለሁ 0.1 ሞላር፣ ማለትም በሊትር 0.1 ሞል፣ የሆነ አንድ ሊትር የኮፐር ሰልፌት ሙሙት እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ኮፐር ሰልፌት 159.6። አንድ አስረኛው 15.96 ግራም። ያንን ውብ ሰማያዊ ክሪስታል እስከ መቶኛው ግራም ድረስ ተጠንቅቄ መዘንኩ፤ አሟሟሁ፤ እስከ ምልክቱ ሞላሁ። ውጤቱ ከሌሎቹ ቡድኖች ጋር አልገጥም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሚዛኑን ከሰስን። ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ ጠረጴዛው ያዘነበለ ነው፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል። በመጨረሻ መምህራችን የብልቃጡን ጽሑፍ እንዳነብ ጠየቁኝ። «ፔንታሃይድሬት» ይላል። ሰማያዊው ክሪስታል በየአንዱ ኮፐር ሰልፌት አምስት የውሃ ሞለኪውሎች ይዟል፤ ሞሉ 249.7 ግራም ይመዝናል። 159.6 የሚመዝነው ውሃ የሌለው ነጩ ዱቄት ነው። እንግዲህ የእኔ ሙሙት 15.96 ሲካፈል ለ249.7፣ 0.064 ሞላር ሆኖ ነበር። ያካፈልኩበት ታህት የሌላ ዕቃ ታህት ነው። ምስኪን ሚዛን!

የአሲዱም ነገር እንዲሁ ነው። 37 በመቶ በክብደት ነው ብለናል። አንድ ተማሪ «በሊትር 370 ግራም አለ» ብሎ ይነሳል። ስንቶቻችሁ እንዲህ ብላችኋል? እጅ ማውጣት አያስፈልግም። 370 ሲካፈል ለ36.46፣ 10.1 ሞላር። ስህተት! የአሲዱ እፍግታ 1.19 ነው፤ አንድ ሊትሩ 1190 ግራም ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ 37 በመቶው 440 ግራም ነው። 440 ሲካፈል ለ36.46፣ 12.1 ሞላር። አንድ ሊትር ባለ 1 ሞላር ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው 83 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ያ ተማሪ 99 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ያገኘው ሙሙትስ ስንት ይሆናል? 1.19 ሞላር! ቁጥሯን ልብ በሉ። የረሳት እፍግታ ውጤቱ ውስጥ ተደብቃ ትጠብቀዋለች።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መበረዝ። ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን አይቻለሁ፤ የመድረክ መሪውም በዐይናቸው እየነገሩኝ ነው፤ አሳጥራለሁ።

ብርዝ የማያውቅ እዚህ የለም። ማር በውሃ ይበረዛል። ውሃ ስትጨምሩ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ማሩ ግን ጠፍቷል? አልጠፋም! እንስራው ውስጥ ያለው ማር ያው ነው። የማቅጠን ስሌት በሙሉ ከዚህ አይወጣም፤ የመጀመሪያው ኮንሰንትሬሽን በመጀመሪያው መጠን ተባዝቶ፣ ከመጨረሻው ኮንሰንትሬሽንና ከመጨረሻው መጠን ብዜት ጋር እኩል ነው። ሁለቱም ጎኖች የሚናገሩት ስለዚያው ማር ነው። አንዳንድ መምህራን ለዚህ ስሌት አቦል፣ ቶና፣ በረካን በምሳሌነት ሲያመጡ እሰማለሁ። ደስ የሚል ምሳሌ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ቶናው አቦሉ ላይ ውሃ የተጨመረበት አይደለም፤ አቦሉ ተጠጥቷል። ቶናው ከዚያው ቡና ዱቄት እንደገና የወጣ ሌላ ሙሙት ነው። ስለ ቡና እየተነጋገርን እንኳ ታህቱን እንጠይቅ እንጂ!

አሲድ የምታቀጥኑ፣ አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳትጨምሩ። ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር። ሆኖም 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ማለትም 18.4 ሞላር፣ የቀረበት ቢከር ላይ ውሃ ለቀቅሁበትና የጋዋኔን ደረት እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ ተወኝ። መነጽር አድርጌ ነበር፤ ስለዚህ እነሆ ዛሬ እያየኋችሁ ነው።

አሁን ወረቀታችሁን ከኪሳችሁ አውጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ብዙ የኬሚስትሪ ክፍሎች የእጅ ማጽጃ ወደ መበጥበጥ ገብተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኔም ከበጥባጮቹ አንዱ ነበርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኤታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሮል ይላል። ከዚያስ? «ውሃ ጨምራችሁ እስከ 10 ሊትር ሙሉ» ይላል። አንድ ጎበዝ ወጣት ባልደረባችን ሦስቱን ደምሮ ከ10,000 ቀነሰና «1,105 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው የሚያስፈልገው» ብሎ ለክቶ ጨመረ። ጀሪካኑ ግን ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ልጁ መሬቱን አየ፤ የፈሰሰ ነገር የለም። ጀሪካኑን ገልብጦ ቀዳዳ ሊፈልግ ሲል ያዝነው።

(እዚህ ላይ ተናጋሪው ሁለቱን ሲሊንደሮች አንድ ላይ ገለበጡ፤ ከፊት የተቀመጠች ተማሪም ወጥታ እንድታነብ ጋበዟት።)

ስንት ይላል? ጮክ በይ! 96 አልፏል፤ 97 አልሞላም። 100 ብላችሁ የጻፋችሁ ስንት ናችሁ? አይ እናንተ! አትፈሩ፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ 100 ነው ያልኩት። የውሃና የአልኮል ሞለኪውሎች ሲገናኙ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ክብደታቸው ይደመራል፤ ሚሊ ሊትራቸው ግን አይደመርም። ለዚህ ነው «ይህን ያህል ውሃ ጨምሩ» ሳይሆን «እስከ ምልክቱ ሙሉ» የሚባለው። ታህቱ የጨመራችሁት ውሃ ሳይሆን በመጨረሻ ያገኛችሁት ሙሙት ነውና።

ከመውረዴ በፊት አንድ ዕቃ ላሳያችሁ። ይህን ጠርሙስ ከቤቴ ነው ያመጣሁት፤ ባዶ ነው፤ አትሽሹ። ወረቀቱ ላይ «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 10%» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ከሆነ 2.5 ሞላር ነበር። 10 ግራም በ100 ግራም ከሆነ ደግሞ እፍግታው 1.11 ስለሚሆን 2.8 ሞላር ገደማ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ተገኝቶ ማንም ሊጠቀምበት ስላልደፈረ እንዲወገድ ተወሰነ። እኔም ጠርሙሱን አጥቤ ወሰድኩት። የእጅ ጽሑፉን ስለማውቀው ነው። የእኔ ነው። የትኛውን ማለቴ እንደነበር ብትጠይቁኝ ዛሬ አላስታውስም።

ማይክራፎኑ ከኋላ ወንበር ይጀምር፤ ጥያቄ ያላችሁ።